ለቤቱ የማለ ሰው

ከቡሬ ገጠር፣ ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ፤ ፈረስ ቤት ይድረስልኝ።

ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ዝም በማለቴ እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ከደጋው ብርድ ጋር ታረቀ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። የቀረውን ከዚህ በታች እጽፈዋለሁ፤ ነገር ግን የኔታ ወልደ ዮሐንስ ይህን ሲያነቡልዎ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ እዚህ ላይ ያቁሙልኝ።

የጠየቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። አይመታኝም። ባዬ ከተጋባን ወዲህ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ድምፁንም። ይህን ሲሰሙ «ገና ነው» እንደሚሉ ይታየኛል። እኔም ለራሴ ገና ነው እላለሁ። አባታችን ከደጅ ሲያስል ማሰሮ እንደያዝኩ ደርቄ የምቀር ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም ባዬ ሲገባ እጄ ላይ ያለው ዕቃ ይንቀጠቀጣል። እሱ ደግሞ ይህን ያይና ምን ሆነሻል ይለኛል። መከራዬ መጠየቁ ነው። እህል ሲቀርብ ይጠይቃል፣ ከወንዝ ስመለስ ይጠይቃል። ምን አሰብሽ፣ ምን አስፈራሽ፣ የወንድምሽ ወሬ አለ ወይ? በእኛ ቤት ወንድ ሚስቱን ምን እንዳሰበች ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም። ዱላ ቢሆን ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንደምሸሸውም አንቱን አይቼ ተምሬያለሁ። ጥያቄን ግን እንዴት እንደሚሸሹት ያስተማረኝ የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስሙን የማልጽፈው ልጅዎ፣ ጣልያን አገሩን ከያዘ ጀምሮ ዱር የገባው ወንድሜ፣ መስቀል ባለፈ ማግስት እኔ ቤት መጥቷል። ታፋውን ተመትቷል፤ ቁስሉም መሽተት ጀምሯል። ባዬ ማሽላውን ከዝንጀሮ ሊጠብቅ ቆላ ወርዶ ስለነበር አላየውም። ከጓሮ ባለው ገለባ ቤት፣ ከክምሩ ኋላ አስተኝቼዋለሁ። ዓባይ እስኪጎድል ነው የሚቆየው፤ ውሃው ሲወርድ ወለጋ ይሻገራል፤ እዚያ የሚቀበሉት ሰዎች አሉ።

አማቴ አቶ ክንዱ የአጥቢያው ጭቃ ሹም መሆናቸውን ያውቃሉ። ለጣልያን ገብተው ሹመታቸው ጸንቶላቸዋል፤ ትከሻቸው ላይ ያለው ጠመንጃ የጣልያን ነው። ቤታቸው ከእኛ ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢርቅ ነው። ባዬ በየቀኑ እዚያ ይሄዳል፤ ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ውሻችንን ፈትቶ ወስዶ አባቱ ደጅ አሰረው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «የአባቴን በጎች ጅብ እየደፈረ ነው» አለኝ። እኛስ በግ የለንም ወይ? ውሻው ሳይጮህ ሰው ሊያስገባብን ነው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ መጡ እላለሁ።

ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? አንዳንድ ጊዜ ፊቱን ሳይ ንገሪው ንገሪው ይለኛል። አፌን ልከፍት ስል የአንቱ ፊት ይመጣብኛል። ምክርዎን ይህን ባመጣልዎ በጨው ነጋዴው በሃይለ ሚካኤል በኩል ይላኩልኝ። የታመነ ሰው ነው።

ልጅዎ አቻምየለሽ


ከፈረስ ቤት፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ።

ደብዳቤሽ ሲነበብ ከየኔታ ሌላ ሰው አልነበረም፤ በሩንም ዘግቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ቀምሻለሁ፣ ግን አልወርድ ብሎኛል። ቁስሉን በጨው ውሃ እጠቢውና የላክሁልሽን ማር ቀቢው። ያልሽውን ሽታ እንደገና ካሸተትሽ ጊዜ ሳትሰጪ ላኪብኝ።

ጉልበቴን ጠይቀሽኛል። ጉልበቴን ተይው። እኔ የምነግርሽ ከዚህ በፊት ያልነገርኩሽን ነው። አጎትሽ እንዴት እንደሞተ ልጆች ሳላችሁ የደበቅኋችሁ አባታችሁን እንዳትጠሉት ብዬ ነበር። ወንድሜ በደም ተፈልጎ በሸሸበት ዘመን፣ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ሰሞን የአባትሽ ጠባይ ተለወጠ። ያ ባስቀየምኩት ቁጥር የሚማታ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ምን ያስጨንቅሻል አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ልቤ ቀለጠ። ነገርኩት። ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜን ከተሸሸገበት ዋሻ ደጃፍ ላይ ገደሉት። ከዚያ ወዲያ አባትሽ እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ እኔም ዳግመኛ ምንም ነገር አልነገርኩትም። እንዲያ ሆነን አረጀን።

ስለዚህ ልጄ፣ የሚማታውን ባል ብዙ አትፍሪው፤ ሲደክመው ይተዋል። የሚጠይቀውን ፍሪ። ውሻውን ከደጁ የሚያርቅ ሰው ማንን ሊያስገባ እንደሆነ አንቺው ራስሽ ጽፈሽዋል። የጭቃ ሹም ልጅ ነው፤ አባቱ በምን ጠመንጃ እንደሚኮራ አይተሻል። ከአፍሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። ሲጠይቅሽ አላውቅም በይ። ፊቱን አትይው፤ እጅሽን ሥራ አስይዢው፤ አላውቅም በይ። ይህን እያስተማርኩ ነው ያሳደግሁሽ፤ የሚጠቅምሽ ዛሬ ነው።

እናትሽ ሀብትነሽ

ይህን የምጨምረው ጸሐፊው እኔ ወልደ ዮሐንስ ነኝ። እናትሽ «ምን ይጽፋሉ?» ብትለኝ ሰላምታ ነው ብያታለሁ። አባትሽ ቁጡ ሰው ነበር፤ ጓደኛዬ ቢሆንም ይህን አልክድለትም። አጎትሽን አሳልፎ ሰጠ የሚለውን ነገር ግን በዓይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ገዳዮቹ ዱካ ተከትለው ሄዱ የሚሉም ነበሩ። አባትሽ ይህን ለእናትሽ ሊነግራት እኔ ባለሁበት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው፤ ፊቷን ሲያይ ነው የሚተወው። ባልሽን አላውቀውም። አንቺ ግን ከእኔም ከእናትሽም አብልጠሽ ታውቂዋለሽና አስቢበት። ሰላምታው በዛ እያለችኝ ስለሆነ በዚሁ አበቃሁ።


ከቡሬ ገጠር፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ማሩ ደርሶኛል፤ እጅዎ አይንጠፍ። ትኩሳቱ ለቆታል፤ ሽታውም ጠፍቷል፤ አሁን በትር ይዞ ይቆማል። እንዳዘዙኝም ዝም ብያለሁ። የኔታንም ስለ ሰላምታቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይበሉልኝ፤ ደጋግሜ አነበብኩት። ነገር ግን ያሳደጉኝ እናቴ ናቸው።

ውሸት እንደዚህ በቶሎ የሚለመድ ሙያ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዳቦው የት ሄደ ሲባል ለማኝ መጣ እላለሁ፤ በዚህ አገር እንደ እኔ ቤት ለማኝ የሚበዛበት ቤት የለም። አሮጌ ኩታው የት ገባ ሲባል አይጥ በላው እላለሁ። ባዬ እሺ ይላል። እሺ ማለቱ ከመጠየቁ ይብስብኛል። ባለፈው ጤፍ ስናጭድ ማጭዱን አስቀምጦ አየኝ። እኔም እንዳሉኝ እጄን ሥራ ላይ አደረግሁ።

«አቻምየለሽ፣ እኔ አባቴን አይደለሁም» አለኝ። «የአባቴም ጠመንጃ የእኔ አይደለም።»

ነዶዬን ማሰር ቀጠልኩ። ምን ብዬ ልመልስ? እውነቱን ከሆነ ስንት ቀን በከንቱ ስንቀጠቀጥ ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ ውሸቱን ከሆነ ደግሞ የአጎቴ ቀን መጣ ማለት ነው። ሁለቱም አስፈሩኝ። እሱም ማጭዱን አንሥቶ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፤ እስኪመሽ ከዚያ አልተመለሰም።

አሁን የመጣውን ነገር ልንገርዎ። ሽፍታ የሚያበላው ማን እንደሆነ ይውጣ ተብሎ ከቡሬ ታዟል፤ አማቴም አውጫጭኝ ጠርተዋል። ነገ ከሚካኤል ቅዳሴ በኋላ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ቅጽሩ ውስጥ ይዘጋል፤ ሰውዬው ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እያንዳንዱ አባወራ ወንጌል መትቶ ለቤቱ ይምላል። ሚስት አትምልም፤ ባሏ ይምልላታል። ያየ ሰው ካለ ደግሞ በአደባባይ አይናገርም፤ ከተመረጡት ሽማግሌዎች ለአንዱ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ተነሥተው ወፍ ነገረችኝ ይላሉ። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። በእናንተም አገር እንዲሁ ነው፤ አንቱ ያውቁታል፤ እኔ የምጽፈው እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ ነው።

ዛሬ ጠዋት ባዬ በሬዎቹን ሊያወጣ ሲል ተመለሰና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ነገ ለቤቴ እምላለሁ» አለኝ። «በቤቴ የማላውቀው ነገር አለ?»

በልጅነቱ ድቁና የተቀበለ ሰው ነው፤ ወንጌል በቀልድ ሲነሣ እንኳ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ይሄዳል። እኔም በሆዴ እንዲህ አሰብኩ፦ ብነግረው ወይ ወንድሜን ይሰጣል፣ ወይ እያወቀ በሐሰት ይምላል። ሳያውቅ ቢምል ግን ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ እሱን አያገኘውም። ምንም የለም አልኩት። እሱም «እንግዲህ ምንም የለም ብዬ እምላለሁ» አለና ሄደ።

ወንድሜ የሚወጣው ነገ ወንዶቹ በተዘጉበት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሁሉ ባዶ ይሆናል። ሃይለ ሚካኤል በቅሎ ይዞ ውሃ ከምንቀዳበት ወንዝ ማዶ ይጠብቀውና ዓባይ ድረስ ይሸኘዋል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ደጋ ለምትመለስ ገበያተኛ ሰጥቻለሁ። ይጸልዩልን። 

ልጅዎ አቻምየለሽ


ከፈረስ ቤት፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ።

ጎሽ ልጄ። አፍሽን በመያዝሽ ተመስገን ብያለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ምነው ዝም አልሽ? ትናንት ገበያ ውስጥ ከቡሬ በኩል የመጡ ሰዎች አንድ ሰው ወንጌል መትቶ ምሎ፣ በዚያው ቀን ታስሮ ተወሰደ እያሉ ያወሩ ነበር። ስሙን ብጠይቅ አናውቅም አሉኝ። ማንነቴን እንዳይጠረጥሩ ብዬ ደግሜ መጠየቅ ፈራሁ፤ ጨው የምገዛ መስዬ ቆሜ ቆሜ መጣሁ።

የተያዘው ልጄ ነው ወይ? ተሻግሮ ከሆነ አንዲት መስመር በቂዬ ናት። የተያዘው ባልሽ ከሆነ ደግሞ አንቺን ሳይፈልጉ ዕቃሽን ጥለሽ ወደ እኔ ነዪ። መንገድ ላይ የሚጠይቅሽ ካለ መልሱን ታውቂዋለሽ።

የኔታ ዛሬ የምጨምረው ሰላምታ የለኝም ብለዋል። ምን እንዳስኮረፋቸው አላውቅም።

እናትሽ ሀብትነሽ


ከቡሬ ገጠር፣ ታኅሣሥ ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ።

የለመኑኝን መስመር አስቀድሜ ልጻፍልዎ፤ ልጅዎ ተሻግሯል። ሃይለ ሚካኤል ከዓባይ ዳር ቆሞ ማዶ ሲወጣ በዓይኑ አይቶታል። እልል ይበሉ። እኔ እልል ልል ሞክሬ አልወጣልኝም።

የተያዘው ባዬ ነው። በቅጽሩ ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ አማቴ ናቸው። ተራው ሲደርስ ወንጌሉን መትቶ፣ በቤቴ የበላ፣ በቤቴ የተሸሸገ የለም ብሎ ማለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም አሉ። ቀትር ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወፍ ነገረችኝ፣ የጭቃ ሹሙ ልጅ ገለባ ቤት ሰው አለበት አሉ። የቡሬ ወታደሮች ቆመው እያዩ አማቴ ልጃቸውን እሰሩት ከማለት ሌላ ምንም አልቻሉም። ከዚያ ወደ እኛ ቤት መጡ። ገለባውን በሳንጃ ወጉት፣ ወጉት፤ ባዶ ነበር። ደም የነካው ጨርቅ ግን ወጣ። እኔን ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኩ። ባዬ እጁ የኋሊት ታስሮ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ያስገባሁት እኔ ነኝ» አላቸው። «ሚስቴ አታውቅም።»

የእኔን ቃል ሰምቶ ሊያድነኝ የፈጠረው መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አማቴ መጡ። ያባርሩኛል፣ ወይም ይመቱኛል ብዬ ማእዘን ይዤ ቆምኩ። እሳቸው ግን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ጣልያን ሹመቴን ሲያጸናልኝ ልጄን ሊቀበለኝ መሆኑን አላወቅሁም አሉ። እንባቸውን ሲጨርሱ ስለ በጎቹ ጠየቅኋቸው። ጅብ በጎቼን ደፍሮ አያውቅም አሉኝ። ባዬ ውሻውን ሲያመጣው፣ ወደ ገለባ ቤቱ ዞሮ እየጮኸ አስቸገረኝ፣ እዚህ ይሰንብት ብሏቸው ነበር።

እናቴ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ለማኞቼን ያውቅ ነበር፤ ኩታውን የበላውን አይጥ ያውቅ ነበር። ወንድሜን እኔ ስሸሽገው እሱ ደግሞ ሁለታችንን ይሸሽገን ነበር። ወንጌሉን የመታው እያወቀ ነው። እኔ ኃጢአቱ እንዳያገኘው ብዬ ዝም ያልኩት ሰው ነፍሱን አስይዞ ነው የማለልኝ። ደጃፉ ላይ ቆሞ የማላውቀው ነገር አለ ሲለኝም ወሬ ፈልጎ አልነበረም። ከእኔ አፍ እንዲሰማው ፈልጎ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ስንቅ ቋጥሬ ቡሬ ወረድኩ። ሁሉን ልነግረው፣ እግሩ ላይ ልወድቅ፣ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳሰናዳ ነው የሄድኩት። ስደርስ እስረኞቹን ወደ ደብረ ማርቆስ ሊወስዷቸው ካሚዮኑ ላይ እያወጧቸው ነበር። ዘበኛው ስንቁን ስጪውና ሂጂ አለኝ። የባዬ ከንፈር አብጧል፤ ቢሆንም ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። እንጀራውን ሲቀበለኝ ጎንበስ ብሎ የወንድሜን ስም ጠርቶ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

«ዘሩ ተሻገረ?»

እኔም አላውቅም አልኩት።

እናቴ ሆይ፣ ምን ልበልዎ? ዘበኛው ራቅ ብሎ ነበር፤ አይሰማም ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሃይለ ሚካኤል የነገረኝ በዚያው ሳምንት ነው። ግን ጥያቄ ስሰማ አፌ የሚያውቀው ያንኑ ብቻ ነው። ሳላስበው ወጣ። ባዬም «ይሁን» አለኝ። አልተቆጣም። ሲጠይቀኝ ፊቱ ላይ የማየው፣ ስንት ወር ሙሉ የፈራሁት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ከፊቱ ሲጠፋ ነው፤ ተስፋ ኖሯል። እንጀራውን ይዞ ወጣ፤ ካሚዮኑም ሄደ። እኔ እዚያው አቧራው ውስጥ ቆሜ ተሻግሯል፣ ተሻግሯል እል ነበር፤ ሰው እብድ ናት ብሎ ያየኝ ነበር።

አንቱን አልወቅስም። የፈሩትን ፈርተው፣ ልጄን ያድናል ያሉትን ነው ያስተማሩኝ። ግን የኔታ ሰላምታ ብለው የጻፉልኝ ሰላምታ አልነበረም፤ ስለ አባታችን ነበር። የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና ይህችን ሳይዘልሉ ያንብቡላቸው። ሁለት ጊዜ ጀምሮ የተወው ነገር ምን እንደነበር ይንገሯቸው። እናቴ፣ እኔ ባልነበርኩበት ነገር ዳኛ አልሆንም፤ ግን ይጠይቋቸው።

ወደ እኔ ነዪ ብለውኛል፤ አልመጣም። ነገ በማንኩሳ አድርጌ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። አማቴ አይሆንም ብለዋል፤ እዚያ ለእስረኛ ስንቅ የምታቀብል ሴት አስቀድማ የማን ወገን ናት ተብላ ትመረመራለች፣ አንዳንዷም አትመለስም ይላሉ። እፈራለሁ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊደሉ እየተጣመመብኝ ነው። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ከመድረሴ በፊት ወደ ሌላ አገር እንዳይወስዱት፣ ወይም አንድ ነገር እንዳያደርጉት ነው። ያኔ ሚስቴ አንዲት ቃል ነፈገችኝ እንዳለ ይቀራል።

በእስር ቤቱ ሽቦ በኩልም ቢሆን፣ ዘበኛ እየሰማም ቢሆን፣ ዘሩ ተሻግሯል እለዋለሁ። ከዚያ ሌላ ነገር ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ባይጠይቀኝም እነግረዋለሁ።

ልጅዎ አቻምየለሽ